ከኋላው በር የወጣው ድምፅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። እኔ ብዙ ነገር እረሳለሁ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩትም ስለምረሳ ነው ይሉኛል። ውሸት ነው፤ መምህሩ ስላላወቀልኝ ነው። ያችን ቀን ግን አልረሳኋትም። ቀልድ ላወራ አፌን ስከፍት ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች።

ለአገሬ ሰው እንዳላወራት አንዲት እናት አደራ ብለውኛል። ለጋዜጣ መጻፍ ግን ማውራት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጋዜጣ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ስኳር ተጠቅልሎበት ነው፤ ሰው ስኳሩን ነው እንጂ ወረቀቱን ማን ያየዋል? ቢሆንም የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ።

እኔ የንፋስ መውጫ ልጅ ነኝ። ከደብረ ታቦር ወዲህ የሽቦ ነገር የሚያውቅ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ዞራችሁ ዞራችሁ የምታገኙት እኔን ነው። ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ። "መኪና አጣቢ ነበር" የሚሉኝ ምቀኞች ናቸው። አጥቤያለሁ፣ አልክድም። ግን ሳጥብ ዓይኔ መካኒኩ እጅ ላይ ነበር።

አያ ታደሰ የሚባል ሰው ከንፋስ መውጫ ስማዳ ወገዳ ከተማ ሰው የሚያመላልስበት አንድ ላንድሮቨር አለው። ራሱ ይነዳል፣ እኔ ረዳቱ ነኝ። ፊቱ ጋቢና ነው፤ ሾፌሩንና ሁለት ሰው ይይዛል። ኋላው በቆርቆሮ የተለየ ነው፤ ግራና ቀኝ አግዳሚ፣ ከጀርባ አንድ በር። ጋቢና ያለ ሰው የሚያወራው ኋላ ላለ ሰው አይሰማም። ካልተጯጯሁ በቀር አይግባቡም።

ጥር ላይ አያ ታደሰ ከአስመራ ከመጣ ነጋዴ ሬድዮ፣ የድምፅ ማጉያ ሣጥን፣ ማይክራፎንና ሦስት እስፒከር ገዛ። ምክሩ የኔ ነበር።

"አያ ታደሰ፣ ገበያ መሀል ቆመህ 'ወገዳ! ወገዳ!' እያልክ ጉሮሮህን ከምትልጥ በማይክራፎን ጥራ። መንገድ ላይ ደግሞ ሬድዮ ይዘፍንላቸዋል። ሰው አንተ ጋ ለመሳፈር ይጋፋል" አልኩት።

"ማን ይገጥመዋል?"

"ማን ይመስልሃል?"

"አንተማ መኪናዬን ወንፊት ነው የምታደርጋት" አለኝ።

መግጠሙ እንደምታስቡት አይደለም። የላንድሮቨር በር ስስ ነው። እስፒከሩ ደግሞ ከጀርባው ወፍራም ማግኔት አለው፤ ዝም ብለህ ቀዳዳ በስተህ ብትከተው ማግኔቱ የበሩን መዝጊያ ብረት ይይዘዋል። በመጀመሪያው በር ይኸው ደረሰብኝ። በሩ አንዴ ተዘግቶ አልከፈትም አለ። አያ ታደሰ በሌላኛው በር እየተንፏቀቀ ሲወጣ ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ ሰደበኝ።

ከዚያ ብልሃቱ መጣልኝ። ከዋንዛ እንጨት ክብ ቀለበት ጠረብኩ። ሳህን ደፍቼ በከሰል አሰመርኩ፣ በመሮና በመዶሻ ፈለፈልኩ፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩ። ቀለበቱን በብሎን አስሬ እስፒከሩን በላዩ አስቀመጥኩት፤ ከብረቱ ራቀ፣ በሩም እንደ ልቡ ተከፍቶ ተዘጋ። አቧራ እንዳይገባበት የወንፊት ሽቦ አለበስኩት። ወንፊቱ የት እንደጠፋ እናቴ እስካሁን ትፈልጋለች።

ሁለቱን እስፒከሮች የጋቢናው በሮች ላይ፣ ሦስተኛውን የኋላው በር ላይ ገጠምኩ። አንዲት ማብሪያም ጨመርኩ፤ ወደ ላይ ስትላት ጋቢናው ይሰማል፣ ወደ ታች ስትላት የኋላው በር ብቻ ይሰማል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ማጉያውን በቀጥታ ከባትሪው ሳብኩት፤ ሞተሩ ቢጠፋም ይሠራል። ማይክራፎኑ ብቻ አንድ አመል ነበረው። እጀታው ላይ ያለችው ቁልፍ ላልታ አያ ታደሰ "ወገ..." ሲል "ዳ" ትቀርበታለች። ቁልፏን በጎማ ጥፍር አድርጌ አሰርኳት። ከዚያ ወዲያ ማጉያው ካልጠፋ በቀር ማይክራፎኑ አይተኛም።

ሰው ሁሉ "መሐንዲሱ" ይለኝ ጀመር። ሲያሾፉብኝ ነው። እኔ ግን ወድጄው ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ሰው ስንጭን አያ ካሣ የሚባሉ የስማዳ ሰው ከአንድ ቄስ ጋር መጡ። አያ ታደሰን ወደ ጎን ስበው አንሾካሾኩለት። አያ ታደሰም የጫነውን ሰው ሁሉ አወረደ። ኋላ እኔን ጠሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአያ ካሣ ታላቅ እኅት፣ እማማ የሺ፣ አራስ ሴት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከወገዳ ንፋስ መውጫ መጥተው ሰነበቱ። ሞላ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ነበር። እዚያው ንዳድ ገደለው። ወሬውን አብሮት ያጨደ ሰው ለአያ ካሣ አመጣላቸው። እማማ የሺ አልሰሙም።

እኛ አገር አራስ መርዶ አይነገራትም፣ ስለዚህ በልጃቸው ቤት ማርዳት አይሆንም። መንገድ ላይ ማርዳት ደግሞ ነውር ነው፤ ሰው እንደ ከብት ሜዳ ላይ አይጮህም። ሰው መርዶ የሚረዳው በቤቱ፣ ሌሊቱ ሲነጋጋ፣ ወገኑ ከቦት፣ ደግፎ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ ሲኖር ነው። ስለዚህ "የርስቱ ክርክር በሽማግሌ ሊያልቅ ነውና አንቺ ካልቀረብሽ አይሆንም" ብለው ሊወስዷቸው ነው።

"ቀልደኛ ነህ አሉኝ" አሉ አያ ካሣ። ዓይናቸው ቀልቷል። "ኋላ አብረሃት ተቀመጥ፣ አጫውታት። እኔ ከቄሱ ጋር ፊት እሆናለሁ። ፊቷን እያየሁ አልዘልቀውም። ይህንንም ጯሂ ነገር ዝጋልን።"

"እርስዎ አያስቡ አያ ካሣ። እኔ ያለሁበት ቦታ ለቅሶ አይገባም" አልኳቸው።

እንዲህ ነው ያልኩት። ምነው ያኔ ምላሴ በተቆለፈ!

ሬድዮውን ዘጋሁ። ማጉያውን ግን አላጠፋሁትም። ለምን? ወገዳ ስንገባ ወደ ጋቢናው ሄጄ በማይክራፎኑ "ወገዳ ገብተናል!" ልል ነው። ወገዳ ውስጥ አንዲት የጠላ ቤት ልጅ አለች፣ ድምፄን እንድትሰማልኝ ፈልጌ ነበር። ልጃቸው የሞተባቸውን እናት ጭኜ በጭንቅላቴ የሚዞረው ይህ ነው።

ቄሱ ገብተው እንደተቀመጡ ጋቢናው ማፏጨት ጀመረ። ማይክራፎኑ ክፍት ሆኖ እስፒከሩ አጠገቡ ሲሆን እንዲያ ያፏጫል።

"ይህ ደግሞ ምን የሚያፏጭ ጋኔን ነው?" አሉ ቄሱ።

ማብሪያዋን ወደ ታች አልኳት። ፉጨቱ ቀጥ አለ። "አለቀ አባቴ" ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ኋላ ሄድኩ።

እማማ የሺ ከኋላው በር ጥግ ነው የተቀመጡት። ከአራሷ ቤት የተሰጣቸውን ስንቅ እቅፋቸው ላይ ይዘዋል። ደስ ብሏቸዋል። መንገድ ይባላል እንጂ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከአግዳሚው ተነሥተን መልሰን እንወድቃለን። ሞተሩ ስለሚጮህ ከእስፒከሩ ምን ቢወጣ አይሰማም።

"ርስቱ ካለቀልኝማ ማን ይችለኛል!" ይላሉ። "ሞላ በሬ ሊገዛ ነው ሑመራ የወረደ። በሬው ከሱ፣ መሬቱ ከኔ። ከዚያ እድረዋለሁ። አንተስ፣ አግብተሃል?"

"ሴቶቹ ተራ ይዘው ነው እማማ። ማንኛዋን ላስቀድም?"

"ወይ ጉድ! አፍህ ብቻ ነው እንዴ ያደገው?"

ሳቅን። እኔም ለአያ ካሣ የገባሁትን ቃል የጠበቅሁ መስሎኝ ቀልዱን አዥጎደጎድኩት።

ትልቁ አቀበት ላይ ራዲያተሩ ፈላ። አያ ታደሰ ሞተሩን አጠፋ። ውሃ መቅዳት የረዳት ሥራ ነው፤ ያን ቀን ግን "አንተ ከሳቸው አትለይ" ብሎኝ ጀሪካኑን ይዞ ራሱ ወደ ምንጩ ወረደ። ጋቢናው ውስጥ አያ ካሣና ቄሱ ቀሩ። አገሩ ጸጥ አለ።

እኔ ቀልድ ላይ ነኝ። "አንድ የእስቴ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ተሳፍሮ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ 'መኪና እንዴት ያለ ነው?' ብላ ጠየቀችው። እሱ ምን ቢላት ጥሩ ነው..."

ከበሩ ድምፅ ወጣ።

"ታዲያ ማን ያርዳት?" የቄሱ ድምፅ ነው። ከእማማ የሺ ጆሮ አንድ ክንድ አይርቅም።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ አይደለም። "እንዴት ጥርት ብሎ ይሰማል!" ነው ያልኩት በልቤ። ፈገግም ብያለሁ። የዋንዛው ቀለበት ሠራ፣ አልኩ። ድምፁን እንጂ ቃሉን አልሰማሁም ነበር።

"እኔማ አልችልም አባቴ" አሉ አያ ካሣ፣ ከበሩ ውስጥ። "ሞላን ሑመራ ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ እንቢ ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ አግባብቼ የላክሁት። በየትኛው አፌ ልጅሽ ሞተ ልበላት? እርስዎ ይንገሯት፣ እኔ ከኋላ እይዛታለሁ። ከዚያ ብትረግመኝም ትርገመኝ።"

ያኔ ነቃሁ። ዘልዬ ሽቦውን በጠስኩት። ምን ዋጋ አለው፣ አልቋል።

እማማ የሺ አልጮኹም። ነጠላቸውን ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ትከሻቸው ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ የተበጠሰ ሽቦ በእጄ እንደያዝኩ በርከክ ብዬ ቀረሁ። በሩን ከፍቼ ገደሉን ቁልቁል ልሮጥ ነበር የፈለግሁት። ብቻ በሩ የሳቸው ክንድ ስር ነው።

"እማማ..." አልኩ።

የእጅ አንጓዬን ያዙኝ። ነጠላውን ካፋቸው አወጡ። "ቁጭ በል" አሉኝ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል። "እኔ እንደሰማሁ ካሣ ያውቃል?"

"አያውቁም።"

"አይወቅ።"

"እኔ ነኝ እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ያልዘጋሁት..."

"ያንተን ተወው አሁን። ካሣን እኔ ነኝ ያሳደግሁት፣ አውቀዋለሁ። እዚህ እንደሰማሁ ካወቀ ራሱን ከዚህ ገደል ይወረውራል። ቤት ይድረስ። ሰው ይክበበው። ያሰበውን እንዳሰበ ያድርግ።" ትንፋሻቸውን ዋጡ። "ለማንም እንዳታወራ፣ አደራ። አሁን ቀልዱን ጨርሰው።"

"ምኑን?"

"ቀልዱን። ሰውየው ሚስቱን ምን አላት?"

የጋቢናው በር ተከፈተ። አያ ካሣ ወርደው ወደ ኋላ እየመጡ ነው። ጠጠሩ ጫማቸው ስር ይንቋቋል።

"ጨርሰው!"

"እሱም፣ 'መኪናስ ባለጌ ነው' አላት። 'አህያ ሲያይ ጡሩምባ ነፍቶ ሰላም ይላል፣ ሰው ሲያይ አቧራ አልብሶ ያልፋል' አላት" አልኩ።

እማማ የሺ ሳቁ። እንዲያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፣ ዳግመኛም አያሰማኝ። አያ ካሣ በሩን ሲከፍቱ የእማማ የሺ እንባ ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ነበር።

"ምን አገኛችሁ?" አሉ አያ ካሣ ደንግጠው።

"ይህ ቀልማዳ ነው እንጂ! እይ እስቲ፣ እንባዬን እስኪያመጣው አሳቀኝ" አሉ፣ በወንድማቸው ፊት እንባቸውን እየጠረጉ።

አያ ካሣ እኔን አዩኝ። ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ጎበዝ፣ በርታ፣ ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እንዴት ልንገራችሁ? ሞተሩ ሲጮህ እማማ የሺ ያለቅሳሉ። ሞተሩ ሲበርድ ያቆማሉ። አያ ታደሰ ለአቀበቱ ማርሽ ሲቀይርና መኪናው ሲያጓራ፣ ነጠላቸው ውስጥ "ሞላዬ፣ ሞላዬ" ይላሉ። ሜዳ ላይ ስንደርስና ድምፁ ዝግ ሲል አፋቸውን ይገጥማሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ "አምላኬ፣ አቀበቱን አርዝምልን" እላለሁ። ሌላ የማደርግላቸው ነገር አልነበረኝም። አንጓዬን እንደያዙ ነበሩ፤ ጥፍራቸው ምልክቱን ትቶብኝ ነበር፣ ቶሎ ሲጠፋ እንኳ ከፋኝ።

ወገዳ ስንገባ አልጮህኩም።

ቤታቸው ስንደርስ ዘመዱ ሁሉ ስለ ርስት ያወራል። እማማ የሺም ያወራሉ። "ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚቀመጡት?" ይላሉ። "ማለዳ ነው እቴ፣ ማለዳ" ይላሉ አያ ካሣ። ማዕድ ቀረበ። መርዶ የሚረዳ ሰው በልቶ እንዲያድር ነው የሚፈለገው፣ ሐዘን ባዶ ሆድ ሲገባ ይጥላል። አያ ካሣ አጎረሷቸው። እማማ የሺም ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ። "ያኑርህ ወንድሜ" ብለው መረቁ። አንድ ሌማት ብቻዬን የማራግፍ ሰው ያችን ጉርሻ ስትወርድ እያየሁ ሳልበላ ተነሣሁ።

መኪናው ውስጥ ተኛሁ፤ ማለቴ ተጋደምኩ። ሲነጋጋ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ሲገቡ አየሁ። ከዚያ ጩኸቱ ወጣ። መንገድ ሙሉ የታመቀው ሁሉ ነው የወጣው። አያ ካሣ ከኋላ ይዘዋቸዋል፤ እሳቸው ግን ዞረው አንገታቸውን አቀፏቸው። እያለቀሱ "ካሣዬ፣ ባንተ አልፈርድም፣ ወንድሜ ባንተ አልፈርድም" ይላሉ። ማንም "ይህን ከየት አመጣችው?" አላለም። ሰው ሲያለቅስ የሚለውን ማን ይመረምራል? ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ልንመለስ ስንል አያ ካሣ መኪናው ድረስ መጡ። ሽማግሌ የሚመስሉት ሰው ያን ጠዋት ልጅ መስለዋል። "እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ" አሉኝ እጄን ይዘው። "እንባዋን ሳታፈስስ ከቤቷ አደረስክልኝ። በመንገድ ሳይሆን በወገኖቿ መሀል አለቀሰች። ይህን ውለታህን አልረሳም።"

"ምንም አይደል" አልኩ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

የኋላውን እስፒከር ነቅዬዋለሁ። አያ ታደሰ "ምን ሆኖ ነው?" ሲለኝ "ተቃጠለ" አልኩት። ሰዎች አሁንም ይመጣሉ፤ "ድምፁ ጥርት ያለ ነው አሉ፣ ለኛም ግጠምልን" ይሉኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዋጋ ቆልዬ፣ እግሬን አነባብሬ፣ እስኪለምኑኝ አስጠብቃቸው ነበር። አሁን "ጥርት ያለ" ሲሉኝ "ሽቦ አልቆብኛል" ብዬ እሸኛቸዋለሁ። እናት ልጇን በቤቷ፣ በወግ የምታለቅስበትን ሰዓት ነው የሰረቅሁት። አልጠፋ ያለችኝ ደግሞ ያች ፈገግ ያልኩባት ቅጽበት ናት። እጄ ለሽቦው ቅርብ ነበር።

ተዝካሩ የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ማንም ሳይጠራኝ ሄድኩ። እንጨት ፈለጥኩ፣ ዳስ ጣልኩ፣ ውሃ አመላለስኩ። አንድም ቀልድ አልወጣኝም፤ ሰው "ይህ ልጅ ታሟል" ይል ነበር። እማማ የሺ ጠላ ይዘው ወደ ዳሱ ጥግ መጡና አጠገቤ ቆሙ። ከስተዋል።

"ካሣን እንቅልፍ ይወስደው ጀመር አሉ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሚስቱ ነገረችኝ። ተመስገን።"

"ተመስገን እማማ።"

"አንተስ? ትተኛለህ?"

"ኧረ እተኛለሁ እማማ! ምን ሆኜ!" አልኳቸው።

በውሸት እንደኔ ያለ የለም። ለትራፊክ ዋሽቻለሁ፣ ለመምህር ዋሽቻለሁ፣ ለአያ ታደሰ በየቀኑ እዋሻለሁ፤ ተይዤ አላውቅም። እማማ የሺ ግን ትንሽ አዩኝና ዋንጫዬን እስከ አፉ ሞሉልኝ።

"ገና አልቻልክበትም" ብለውኝ ወደ እንግዶቻቸው ሄዱ።

ይኸው ዓመት አለፈው። አሁንም አልቻልኩበትም።